አድሚን

በቴሌግራም ግሩፕ አባል የሚያስወጣው ሰው ነው። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አድሚን የሚባለው ሰውየው ሳይሆን አካውንቱ ነው። የአድሚን ሥልጣኑ ሲወሰድብህ ፋይልህም ኢሜይልህም አይነካም፤ ፕሮግራም ልትጭን ስትል ነው የሌላ ሰው ፓስወርድ የሚጠይቅ ሳጥን ድንቅር የሚልብህ። በዊንዶውስ የሰዓት ዞኑን መቀየር ትችላለህ፣ ሰዓቱን ራሱን ግን አይፈቅድልህም፤ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚመዘገበው በእሱ ነዋ!

ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጥ የሚለውን መርህ የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ሳልዘርና ሽሮደር በ1975 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ይሁንና በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ዊንዶውሱ ሲጫን የሚከፈተው አካውንት አድሚን ነበር፤ ቫይረሱም በባለቤቱ ሥልጣን እንደልቡ ይፈነጭ ነበር። ስለዚህ አይቲዎቹ አድሚንነቱን መንሳታቸው አያስወቅሳቸውም። የሚያስወቅሳቸው አንዲት ፕሪንተር ለማስጫን ደጅ ሲያስጠኑ ነው።