ትንፋሽ፣ ቅያሪና ሰዓት፦ የፕሌይስቴሽን ኳስ ያልተጻፈ ሕግ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን የተሻገረ የሕግ ሰው ብሆንም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከእህቴ ልጅ ጋር እዚያ መቀመጥ ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ። ደንቡ እንደሚታወቀው ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ለወራት የከፈልኩት እኔ ነኝ። የሚገርመው ደግሞ አሸናነፌ ነው። እስከ 60ኛው ደቂቃ እኩል እሄድና ከዚያ ወዲያ ሁለት ሦስት ጎል ይቆጠርብኛል። አንድ ቀን ልጁ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሸነፉት በኳስ አይደለም፣ በትንፋሽ ነው» አለኝ። ፍርዱን ይግባኝ ሳልል ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን እንደኔ ለሚከፍሉ አንባቢያን እነሆ።

ትንፋሽ እንዴት ያልቃል?

ድሮ በፕሌይስቴሽን 2 በዊኒንግ ኢለቨን ለተጀመረም ሆነ፣ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ፊፋ ይባል በነበረው ጨዋታ ለቀጠለ ሰው መሠረቱ አንድ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የጉልበት መጠን አለው። የሩጫውን ቁልፍ ተጭነን በያዝን ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። የደከመ ተጫዋች ይዘገያል፣ የሚያቀብለው ኳስም ይበላሻል። የእኔ ጥፋት ጣቴን ከሩጫው ቁልፍ ላይ አለማንሳቴ ነበር። ሩጫ የሚያስፈልገው ፊት ለፊት ባዶ ሜዳ ሲኖር ነው፤ በተረፈ ኳሱ ይሩጥ።

ሁለተኛው ጉልበት በላተኛ ጫና ነው። ቡድኑን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ኳስ እንዲነጥቅ ወደፊት መስደድ ደስ ይላል፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን ከዕረፍት በኋላ ነው። ጫናን ለአሥር አሥር ደቂቃ ያህል፣ በተለይ ተጋጣሚ ሲሳሳት መጠቀም ይበጃል።

ማንን፣ መቼ?

ቅያሪ የሚታሰበው ጎል ሲገባብን ሳይሆን ጨዋታው ሳይጀመር ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ አጥቂ ብቻ የደረደረ ሰው መሪነቱን የሚጠብቅለት አያገኝም። ቶሎ የሚደክሙት ሜዳውን ሲመላለሱ የሚውሉት የመስመር ተጫዋቾችና አማካዮች ናቸው። እኔ አሁን በ60ኛውና በ70ኛው ደቂቃ መካከል ከእነዚህ ሁለቱን እቀይራለሁ። ፈጣን አጥቂ ደግሞ የተጋጣሚ ተከላካዮች ሲደክሙ ቢገባ ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻዋ ቅያሪ አትነካም። አሜሪካውያን በቤዝቦል ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በትልቁ ሊጋቸው ከጨዋታ የወጣ ኳስ ወርዋሪ በዚያ ቀን አይመለስም፤ ስለዚህ አሠልጣኙ የደከመውን ቶሎ ቢያወጣ በኋላ ሰው ያጣል፣ ቢዘገይ ደግሞ ይመታበታል። በቪዲዮ ጨዋታቸውም ቢሆን ጭንቀቱ ይኸው ነው።

በእኛም ደርሷል

ይህ የስክሪን ወሬ ብቻ እንዳይመስል ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው፣ በሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ይጫወት ነበር። በ80ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት ጎል ተቆጠረብን። መጨረሻው ላይ ደግሞ በረኛው ሲሳይ ባንጫ ጥፋት ሠርቶ ቀይ ካርድ አየ። ያን ጊዜ የሚፈቀዱት ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ነበርና የሜዳ ተጫዋች ጓንት አድርጎ ግብ ላይ ቆመ፤ ቪክተር ሞሰስ ሁለተኛውንም አስቆጠረ። አሠልጣኙን ለመውቀስ አይደለም፤ ጎል የሚፈልግ ቡድን ቅያሪውን መጠቀሙ ያለ ነው። ሆኖም የመጨረሻዋ ቅያሪ ዋጋ የሚታወቀው ካለቀች በኋላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሕጉ ራሱም ተለውጧል። በዓለም ዋንጫ ቅያሪ የተፈቀደው ሜክሲኮ ላይ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቁጥሩም ሁለት ነበር። በኋላ ሦስት ሆነ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ለጊዜው አምስት ተደረገና በ2022 እ.ኤ.አ. በቋሚነት ጸደቀ። ስለዚህ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ስንት ቅያሪ እንደተፈቀደ ማየት ግዴታ ነው። ሕጉን አላውቅም ማለት እዚያም መከላከያ አይሆንም።

ባለፈው ቅዳሜ

1 ለ 1 ነበርን። በ80ኛው ደቂቃ አንዲት ቅያሪ ቀርታኛለች። ጣቴ አጥቂ ሊያስገባ ቢቁነጠነጥም ያዝኩት። ወዲያው የመሐል ተከላካዬ ተጎዳ፤ ሌላ ተከላካይ ተካሁበት። ጨዋታው በዚያው ተጠናቀቀ፤ ሒሳቡንም ተካፈልን። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ትንፋሽ ተረፈዎት» አለኝ። ወደ አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ግን ሁለተኛው ላይ ቆሜ ማረፌ አልቀረም፤ ለዚህኛው ቅያሪ የለም።