የሰሜን ሸዋ ሰማይና የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች

የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆኑ፣ ስያሜዋም በዘመኑ በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን የመጣ መሆኑ ይነገራል። የዚህች ከተማና የአካባቢዋ ሕዝብ በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ በዚያው ሰማይ ላይ የጦር አውሮፕላን ሲያልፍ ተመልክቷል። አውሮፕላን የሥልጣኔ ምልክት ተብሎ በክብር ወደ ኢትዮጵያ በገባ በሰባት ዓመት ጊዜ ውስጥ ለመንዝ፣ ለቡልጋ፣ ለተጉለትና ለአንኮበር ሕዝብ የጠላት መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል።

የአውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ መግባት

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1915 ዓ.ም ወደ ኤደን በተጓዙበት ወቅት የእንግሊዝ አየር ኃይል ያቀረበውን ትርኢት ከመመልከታቸውም በላይ፣ ራሳቸው በአውሮፕላን ተሳፍረው በረዋል። አውሮፕላን ለአገሪቱ እንዲገዛ የነበራቸው ፍላጎት ፍጻሜ ያገኘው ግን ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ደግሞ ዩንከርስ የተሰኘው የጀርመን ሥሪት አውሮፕላን ተከትሎ ገባ።

ፖቴዝ 25 ሁለት ሰዎችን የሚይዝ፣ ባለ ድርብ ክንፍና 450 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር የሚንቀሳቀስ አውሮፕላን ነበር። አብራሪውና ተሳፋሪው ክፍት በሆነ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ብርዱንና ነፋሱን ይቋቋሙ ነበር።

አውሮፕላኑ በአገር ውስጥ ጦርነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው ብዙም ሳይቆይ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በአንቺም በራስ ጉግሣ ወሌ ጦርና በመንግሥት ጦር መካከል በተደረገው ውጊያ፣ ማዬ በሚያበርረው አውሮፕላን በራሪ ወረቀቶችና ቦምቦች ተጥለዋል። በራሪ ወረቀቶቹ የራስ ጉግሣ ተከታዮች ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወገዙ የሚያስጠነቅቁ በመሆናቸው ቦምቡ ካደረሰው ጉዳት ባላነሰ የሠራዊቱን መንፈስ አናግተዋል።

ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች

በ1922 እና በ1923 ዓ.ም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በፈረንሳውያን አሠልጣኞች ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ሚሽካ ባቢቼፍ ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከነጻነት በኋላ በሞስኮ በሚገኘው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን በዲፕሎማትነት አገልግለዋል።

በዘመኑ የነበረው የአውሮፕላን ፍቅር ከአገር ውጭ ያሉ ጥቁር ሕዝቦችንም ስቧል። “ጥቁሩ ንስር” በሚል ቅጽል የታወቀው ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም ከዘውድ በዓሉ አስቀድሞ የንጉሡን አዲስ አውሮፕላን በልምምድ ላይ በመከስከሱ ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። ከእርሱ በተለየ ዘላቂ ስም ያተረፉት በቺካጎ የበረራ አሠልጣኝ የነበሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርተዋል፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ዐድዋን በደበደቡበት ዕለትም በከተማዋ ነበሩ።

የሸዋ ደጋና የበረራ ችግር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚበርር አብራሪ የሰሜን ሸዋ ደጋ የግድ የሚታለፍ መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የማንሣት አቅሙ ይዳከማል። በዚህም ምክንያት አብራሪው ለመነሣት ረጅም ሜዳ ከማስፈለጉም በላይ ጭነቱን ለመቀነስ ይገደድ ነበር።

ቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር የምትገኘው ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከቆላው የሚነሣው አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ነፋስና ጉም ይፈጥራል። ራዲዮና የአየር ጠባይ ትንበያ ላልነበራቸው የዘመኑ አብራሪዎች እንዲህ ያለው ስፍራ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻ ነበር።

ያልተመጣጠነ ጦርነት

ኢጣሊያ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፕላን ቦምብ የጣለች አገር ስትሆን፣ ይህንንም የፈጸመችው በጥቅምት 1904 ዓ.ም በሊቢያ ነው። በኢትዮጵያ ላይ ጦርነት ስትከፍት ከ300 በላይ አውሮፕላኖች አሰልፋለች። በኢትዮጵያ በኩል የነበሩት አሥራ ሁለት ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ስለሆነም የኢትዮጵያ አብራሪዎች ዋና ተግባር በአየር ላይ መዋጋት ሳይሆን መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንትን ማመላለስ ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንም በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን አገልግለዋል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም የማይጨው ጦርነት ተካሄደ። ዕለቱ የአንቺም ጦርነት የተደረገበት ስድስተኛ ዓመት ነበር። በአንቺም የመንግሥትን ጦር የረዳው የአየር ኃይል በማይጨው በጠላት እጅ ሆኖ የኢትዮጵያን ሠራዊት በቦምብና በመርዝ ጋዝ አሠቃየ።

ከዚህ በኋላ ከ1 ሺህ 700 በላይ ተሽከርካሪዎች ያሉት የኢጣሊያ ጦር ከደሴ ተነሥቶ በሰሜን ሸዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች የጣርማበርን በር ለመያዝ ተሰለፉ። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደግሞ ልጅ ኃይለ ማርያም ማሞ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው ጫጫ ላይ በጠላት ጦር ላይ አደጋ ጥለዋል። በማግሥቱ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ዐርበኞችና የጠላት አውሮፕላን

በአምስቱ የወረራ ዓመታት ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ ዐርበኞች ከጠላት አውሮፕላን ጋር መኖርን ተማሩ። ቀን በጫካና በዋሻ ተጠልለው ሌሊት መጓዝ፣ ጭስ የሚያስነሣ እሳት አለማንደድና በአንድ ስፍራ አለመሰባሰብ ሕይወት የሚያድን ጥበብ ሆነ።

ሆኖም ዋሻ ሁልጊዜ አላዳነም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም በመንዝ አካባቢ በምትገኘው ዘረት፣ አመጸኛ ዋሻ በተባለው ስፍራ ዐርበኞች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተጠልለው ሳለ የኢጣሊያ ጦር ከበባቸው። ከአየር ሊጣል ከተዘጋጀ ቦምብ የተቀዳ የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ዋሻው አፍ እንዲወርድ ተደረገ። ታሪክ አጥኚዎች በዚያ ያለቁትን ሰዎች ቁጥር ከ800 እስከ 1 ሺህ 500 ያደርሱታል። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ይገኙበታል። ስለ ድርጊቱ የኢጣሊያ ጦር ሰነዶችን የመረመረው ኢጣሊያዊው ታሪክ አጥኚ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ነው።

ከነጻነት በኋላ

ኮሎኔል ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም ተመልሰው ወጣት ኢትዮጵያውያንን በበረራ አሠልጥነዋል። በመጋቢት 1946 ዓ.ም በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አልፎ በአዲስ አበባ ተቀብረዋል። ፎን ሮዘን በበኩላቸው በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ሥልጠና ለዓመታት ከመሩ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም በኦጋዴን ጎዴ ላይ ተገድለዋል።

በ1928 ዓ.ም በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው በአዲስ አበባ የተሠራችው “ፀሐይ” የተሰኘች አውሮፕላን የዚያ ዘመን ቅርስ ናት። ስያሜዋን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሲሆን፣ አገሪቱ በጠላት ከመያዟ በፊት 30 ሰዓት ያህል በርራለች። ጠላት ማርኮ ወደ ኢጣሊያ የወሰዳት አውሮፕላን ለረጅም ዘመን በዚያ ሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመልሳለች።

የአውሮፕላኗ መመለስ የእነ ሚሽካ ባቢቼፍንና የእነ አስፋው ዓሊን ታሪክ ለወጣቱ ትውልድ ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ነው። ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው ግን የአብራሪዎቹ ስም በአንድ ወገን፣ ከአውሮፕላን ድምፅ ሸሽተው ወደ ዘረት ዋሻ የገቡት የመንዝ ገበሬዎች መከራ በሌላ ወገን፣ ጎን ለጎን ሲነገር ነው።