ዮዮን ለአሜሪካ ልጆች ያስተማሩት እነማን ነበሩ?

ዮዮን ታውቁታላችሁ፤ በአጭር ዘንግ የተያያዙ ሁለት ክብ እንጨቶች፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ክር። ሲለቁት እየሾረ ይወርዳል፣ ተመልሶም እጅ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ትንሽ መጫወቻ ጀርባ ግን የስደተኞች ታሪክ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1928 ፔድሮ ፍሎሬስ የተባለ ፊሊፒናዊ ስደተኛ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ ከተማ የዮዮ ማምረቻ ከፈተ። ተመሳሳይ መጫወቻ በአሜሪካም በአውሮፓም ቀድሞ ነበር። ልዩነቱ ክሩ ላይ ነው። የቀድሞው ክር ዘንጉ ላይ ስለሚታሰር ዮዮው ከመውረድና ከመውጣት ሌላ ነገር አያውቅም። የፊሊፒኖቹ ክር ግን ዘንጉን በቀለበት አቅፎ ስለሚይዘው ዮዮው ታች ደርሶ ባለበት ይሾራል። የብልሃቱ ሁሉ መነሻ ያቺ የጥቂት ሰከንድ ፋታ ናት።

ይህ ደግሞ ከማሸጊያ ላይ ተነብቦ የሚገባ ነገር አይደለም። ክሩ መቼ እንደሚሳብ የሚታወቀው ከሚችል ሰው ጎን ቆሞ በማየት፣ በመሞከርና በመሳሳት ነው። ድርጅቱን ከፍሎሬስ የገዛው ነጋዴ ዶናልድ ደንካን ይህ ገብቶታል። ስለዚህ ሠርቶ አሳዮችን፣ በአብዛኛው ፊሊፒናውያንን፣ ከከተማ ከተማ ላከ። እነሱም በየሱቁ ደጃፍና በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ልጆች ሰብስበው አሳዩ፣ አወዳደሩ። አንድ ልጅ ከቻለበት የሰፈሩ ልጆች ከእሱ ይማራሉ።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገርም ይካሄድ ነበር። በጥር 1930 በካሊፎርኒያዋ ዋትሰንቪል የነጮች ቡድኖች በፊሊፒናውያን የእርሻ ሠራተኞች ላይ ለቀናት ዘመቱ፤ ፌርሚን ቶቤራ የተባለ ወጣትም ተገደለ። በ1934 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚገቡትን ፊሊፒናውያን በዓመት 50 ሰው ላይ ገደበ። ልጆቿን የሚያስተምሩላት ሰዎች ወገኖች ላይ አገሪቱ በሯን አጠበበች።

ደንካን "ዮዮ" የሚለውን ስም የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዝግቦ ነበር። በ1965 የይግባኝ ፍርድ ቤት ቃሉ የመጫወቻው መጠሪያ እንጂ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም ሲል ወሰነ፤ በፊሊፒንስ ሰው ሲጠራበት የኖረ ስም ነበርና። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ።

ዛሬም ስደተኛ "ምን ይዞ መጣ?" ሲባል የሚቆጠረው ገንዘብና የሥራ ቦታ ነው። አብረው እየተጫወቱ ያስተማሩት ነገር ግን በየትኛውም የጉምሩክ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።