ሁለት ፊት ያለው ግብር

«ግብር» የምትለዋን ቃል ለዓመታት ተማሪዎቼ ፊት ሳገላብጣት ኖሬአለሁ። የግዕዙ «ገብረ» ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ገበሬም ገባርም ግብረ ገብም የወጡት ከዚያው ሥር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን አማርኛችን ለአንዲቱ ቃል ሁለት ፊት መስጠቱ ነው። ባላገሩ ለጌታው የሚያስገባው እህል፣ ማርና ሙክት ግብር ነው። ጌታው አዳራሹን አስጠርጎ፣ ጠጅ አስጥሎ፣ ፍሪዳ አስጥሎ፣ ወታደሩንና ደጅ ጠኚውን የሚያበላውም ግብር ነው። አንዱ ግብር ገበረ ይባላል፤ ሌላው ግብር አበላ ይባላል። የሄደውም የመጣውም በአንድ ስም ይጠራል።

ይህን የማነሣው ለሰዋስው ፍቅር ብዬ አይደለም። ሰሞኑን በሄድኩበት ሁሉ የምሰማው ወሬ አንድ ስለሆነብኝ ነው፦ መብራት ጨመረ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ ከሰል ጨመረ። ወሬው እዚያ አይቆምም። «እነሱ ግን ይሄን ያህል አተረፉ አሉ፤ የላይኞቹ ይሄን ያህል ይከፈላቸዋል አሉ» ይከተላል። ልብ በሉ፣ «አሉ» ነው። ያየ የለም። እኔ ደግሞ የቁጣው ምሥጢር ያለው በዋጋው ላይ ሳይሆን በዚህች «አሉ» ላይ ነው ባይ ነኝ። እስቲ ታሪካችንን እንጠይቀው።

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር ብትሄዱ መንገዱ ራሱ ይህን ታሪክ ያወራችኋል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞችን የተቀበሉት በዚያና ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው አንጎለላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ግብር ያበላ ነበር። ግብር ለማብላት እህልና ከብት ብቻ አይበቃም፤ እንጨት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ እንጀራ ምጣድ ላይ የሚያወጣ፣ ያን ሁሉ ወጥ የሚያንተከትክ እሳት ከየት ይመጣል? ከባላገሩ ትከሻ ነዋ! ገባሩ እርሻ ከማረስና አጥር ከማጠር ጋር ማገዶ ተሸክሞ ማቅረብ ግዴታው ነበር። ሚስቱ ደግሞ ዱቄት ትፈጭ ነበር። ስለዚህ በእኛ አገር የመጀመሪያው የኃይል ሒሳብ በወረቀት አልመጣም። በሸክም ነው የመጣው።

እንጨት ደግሞ አያልቅም የሚባል ሀብት አይደለም። ነገሥታቶቻችን በየጊዜው መናገሻ የቀየሩበት ምክንያት ጦርነትና ፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ የማገዶ ማለቅም አንዱ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጋራውን አራቁቶ ይነሣል፤ የተራቆተው ጋራ ለባላገሩ ይቀራል። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። አዲስ አበባም እንጨት አጥታ ልትለቀቅ ደርሳ ነበር፤ ለተተኪነት አዲስ ዓለም ታስባ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በሌላ በኩል አንኮበርና ጣርማ በር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን እስከ ዛሬ አለ። የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተተከለው ዘር ከዚሁ ከወፍ ዋሻ ተወስዶ ነው ሲባል ይተረካል። ያው ንጉሥ ናቸው ደብረ ብርሃንን ያቀኑት፤ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎም ስሟ ወጣላት። የብርሃን ደብር እንግዲህ ስለ መብራት ብትናገር ከማንም በፊት ወግ ይገባታል።

አንባቢዬ «ድሮ ደግ ነበር ልትለን ነው» እንዳይለኝ። አልልም። የገባሩ ኑሮ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያበጀ ሕዝብ ሹመት ማለት መብላት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። የዛሬዎቹን የሥራ አስኪያጆች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ቀድሞ የተነበየ ተረት አድርጋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ነገር ግን ያኔ ሹሙ የሚበላው በአደባባይ ነበር። አዳራሹ ይከፈታል፤ መጋረጃው ይገለጣል፤ ባላገሩ ከሚስቱ ጉሮሮ ነጥቆ ያስገባው ማር ጠጅ ሆኖ ሲቀዳ ያያል። ቢያንስ ዘመዱ ወታደር ሆኖ ከዚያው ይበላል። ፍትሕ ነበረ ማለቴ አይደለም። ሒሳቡ ይታይ ነበር ነው የምለው።

ሒሳቡ ሲደበቅ ምን እንደሚሆን ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አሳይታለች። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ወረቀቱ ላይ ካያችሁት የከፋ ግብር አልነበረም፤ ዘመናዊ ነበር። ገበሬው ግን «ገማች» ተብሎ የመጣው ሰው ዛሬ ምርቴን ገምቶ ነገ መሬቴን ሊለካ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ሊወስድ ነው ብሎ ጠረጠረ። አመፀ። ጦር ሄደ፣ አውሮፕላን ሄደ፤ በመጨረሻ መንግሥት ነገሩን ተወው፣ ጠቅላይ ገዥውም ከጎጃም ተነሡ። ገበሬው የተዋጋው ከጥቂት ብሮች ጋር አልነበረም። ከማያየው ሒሳብ ጋር ነበር።

ከዚያ የካቲት 1966 መጣ። የዓረብ አገሮች ነዳጅ አንሸጥም ብለው በጥቂት ወራት ውስጥ የበርሜል ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሆኗል። መንግሥት በቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ፤ ባለታክሲው ግን የታሪፍ ጭማሪ አልተፈቀደለትም። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋው ዝቅ ተደረገ። ግን ማን ሰምቶ! እንደ ሒሳብ ከሆነ እኮ መንግሥት እውነት ነበረው፤ ነዳጁን ያስወደደው እሱ አይደለም። ታዲያ ለምን አልታመነም? የወሎንና የትግራይን ረሃብ ደብቆ ስለነበር ነው። የሞተን ሰው የደበቀ መንግሥት «የቤንዚኑ ሒሳብ ይኸውና» ቢል ማን ያምነዋል?

ደርግ ይህ ገብቶት ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ፤ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስ እየተሰካ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንኮበር ዘመን ንጉሥን ንጉሥ ያሰኝ የነበረው ግብር፣ በዚያች ምሽት የክስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ማዕዱ ያው ማዕድ ነው። የተለወጠው ከማዕዱ የራቀው ሰው ብዛትና ርቀት ነው።

ደርግም የራሱን መልስ ሰጠ፦ ትርፍን ከሥሩ መንቀል። በ1967 የከተማ ቦታና «ትርፍ ቤት» አዋጅ ወጣ። ትርፍ ማለት በአማርኛችን ያተረፉት ነው፤ የማያስፈልግም ነው። አዋጁ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ አደረጋቸው። ትርፉ ጠፋ፤ ሰልፉ ተተካ። የነዳጅ ኩፖን፣ የቀበሌ ሱቅ፣ ለስኳር ወረፋ። ቁጣ መዝገብ ይዞ ካልመጣ ቤቱን ያፈርሳል እንጂ ሒሳቡን አያስተካክልም። ይህን እኔና እኩዮቼ ተሰልፈን ተምረነዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የጋዝ ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ግል አዛወሩ። በ1994 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በ75 በመቶ አድጎ 475,000 ፓውንድ መድረሱ ሲሰማ አገሩ ታመሰ፤ በማግስቱ ዓመት ባለአክሲዮኖች ሲሰበሰቡ ተቃዋሚዎች በሥራ አስኪያጁ ስም የሰየሙትን አሳማ ይዘው መጡ። በ2022 ደግሞ የዩክሬን ጦርነት ጋዙን ሲያስወድድ ሼል 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አተረፈ፤ አሮጊቷ ግን ምድጃዬን ላብራ ወይስ ራቴን ልብላ ትል ነበር። የእነሱና የእኛ ልዩነት አንድ ነው። እነሱ የተቆጡት ቁጥሩን አንብበው ነው። እኛ የምንቆጣው ቁጥሩን አጥተን ነው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከተማዋ ዛሬ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ብርዷ ግን ያው ነው፤ ኩበቷም ያው ነው። ኩበት የሚሸጡ አንዲት እናት ዋጋ ለምን እንደጨመሩ ብጠይቃቸው «ሰው ከመብራት ወደኛ ተመለሰ፣ ልጄ» አሉኝ። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስንት የኢኮኖሚክስ ምዕራፍ አለ! ኩበት እኮ ማዳበሪያም ነው። እሳት ውስጥ የገባው ኩበት ማሳ ውስጥ አይገባም። ገበሬው የመሬቱን ምግብ ለከተማ ሸጦ፣ በዚያው ብር ከውጭ የመጣ ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። የመብራት ዋጋ ተከትሎት የሚሄደውን ይህን መንገድ የሚመዘግብ ቆጣሪ የለም።

በ2011 ዓ.ም. የመብራት ታሪፍ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ የቀድሞዋ 0.273 ብር አልተነካችም ነበር። በ2017 መባቻ አራት ዓመት የሚዘልቅ፣ በየሦስት ወሩ የሚስተካከል ሌላ ታሪፍ ሲመጣም አነስተኛ ተጠቃሚው በድጎማ እንደሚጠበቅ ተነገረ። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ያህል ይበላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢጋገር በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሆነ። ድሃ የሚያሰኘው ወለል ምጣዱን ካለፈ በኋላ ለአምፖልና ለሻይ የሚተርፈው ዐሥር ብቻ ነው። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር ደግሞ አራት ድሃ ተደምሮ በወረቀቱ ላይ አንድ ሀብታም ይወጣዋል። በውድ እርከን ይከፍላሉ።

ዋጋ ጨማሪዎቹም ያላቸውን እንስጣቸው። ዕዳቸው በዶላር ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ዕዳ በብር ሲመነዘር አብጧል። ትራንስፎርመርና ሽቦ በነፃ አይመጣም። ከሚያወጡት ወጪ በታች የሚሸጡ ድርጅቶች መጨረሻቸው ጨለማ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ደግሞ ለማሳየት ቀላል ነው።

ምክንያቱም ባለቤቱ እኛ ነን። መጋቢት 2003 የዓባይ ግድብ ሲጀመር መምህሩ የወር ደመወዙን ሰጥቷል፤ አምፖል ደጁ ያልደረሰ ገበሬ ቦንድ ገዝቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው ተባለ። ይህ ግብር ነው፤ የመጀመሪያው ፊት። ሁለተኛው ፊት የት አለ? ከዲጂታል ገንዘብ አምራቾች በዶላር የተሰበሰበው ስንት ነው? ምን ላይ ዋለ? ከፍተኛ ኃላፊዎች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅማቸው ተደምሮ ስንት ነው? ብሔራዊ ባንክ የባንክ ቦርድ አባላት በሚወስዱት ክፍያ ላይ በመመሪያ ጣሪያ አብጅቷል፤ ስለዚህ «እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» ማለት አይቻልም። ይነገራል። ሲነገርም ባንክ አልፈረሰም።

እኔ ዋጋ አይጨመር አልልም። የምለው ከታሪፉ ወረቀት ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ይምጣ ነው፤ ገቢው፣ ወጪው፣ የባከነው፣ ከላይ ላሉት የተከፈለው፣ ስንት ቀበሌ በዚህ ዓመት መብራት እንደገባለት የተጻፈበት። በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ኩበት ሻጭዋ እናት ልጃቸውን አስነብበው በሚገባቸው ቋንቋ። ጎጃምም የካቲትም የሚነግሩን ሰዉ ከፍሎ አያውቅም ብለው አይደለም። ሲገብር ኖሯል። የተገበረው የት እንደደረሰ ያላየ ዕለት ግን ሒሳቡን ራሱ ሊሠራ ይነሣል፤ ያኔ ደግሞ ስሌቱ ሻካራ ነው።