በውሃ ታንከር ውስጥ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት

ጃንዋሪ 1 ቀን 1873 በቺካጎ ከተማ፣ የላሳልና የአዳምስ መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ አገልግሎቱን ጨርሶ ባዶውን በቀረ የብረት ታንከር ውስጥ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታንከሩ ክብ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር 58 ጫማ፣ ከፍታው 21 ጫማ ሲሆን፣ የተቀመጠበት መሠረት 30 ጫማ ያህል ነበር። በሜትር ቢሰላ የወለሉ ስፋት ወደ 245 ካሬ ሜትር፣ ሲሞላ የሚይዘው ውሃም ከ1,500 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ቀድሞ የከተማው ውሃ ይጠራቀምበት በነበረው በዚህ ዕቃ ውስጥ በመክፈቻው ዕለት 3,157 መጻሕፍት ተደርድረው ነበር።

ለቤተ መጻሕፍቱ መወለድ ምክንያት የሆነው የመጻሕፍት ስጦታ የመጣው ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከእንግሊዝ አገር ነው። ስጦታው ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም በአንድ የተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነበር። ውጤቱ ግን ከሰጪዎቹም ከተቀባዮቹም አሳብ አልፎ ሄደ። የሆነውን ለመረዳት ከእሳቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ቺካጎ በዚያን ዘመን ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በአብዛኛው በእንጨት የተሠራች ከተማ ነበረች። ቤቱ ብቻ ሳይሆን የእግረኛው መሄጃ እንኳ ሳንቃ ነበር። የ1871 በጋ ዝናብ የጠፋበት ነበርና ሁሉም ነገር ደርቆ ሰነበተ። ኦክቶበር 8 ቀን፣ እሑድ ማታ፣ በዲኮቨን መንገድ ከአንድ በረት የተነሣው እሳት በነፋስ እየተገፋ ወንዙን ተሻግሮ መሀል ከተማውን በላ። እሳቱን ያስነሣችው ፋኖስ የረገጠች ላም ናት የሚለው ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ማስረጃ ግን የለውም፤ የከተማው ምክር ቤትም በ1997 የላሚቱን ባለቤት ከዚህ ወቀሳ ነጻ አድርጓቸዋል።

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ከላሚቱ ይልቅ የሚያሳስበው የውሃው ጉዳይ ነው። ከተማው ውሃውን የሚያገኘው ከሚቺጋን ሐይቅ ወለል በታች በተቆፈረና በ1867 ሥራ በጀመረ፣ ወደ 2 ማይል በሚረዝም ዋሻ ነበር። በዘመኑ የሚደነቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ውሃውን የሚስበው የፓምፕ ጣቢያ ጣራ በእሳት ተያይዞ በወደቀ ጊዜ ፓምፖቹ ቆሙ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በታላቅ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ እሳት የምታጠፋበት ውሃ አጣች። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውና የፓምፖቹን የግፊት መዋዠቅ የሚያረጋጋ 138 ጫማ ቧንቧ በውስጡ የያዘው የድንጋይ ግንብ ተርፎ ዛሬም ቆሟል። ዋሻውና ግንቡ ደኅና ሆነው ሥርዓቱ በአንድ ጣራ ምክንያት መውደቁ፣ በዚህ ሙያ ላይ ላሉ ሁሉ የሚቆጭ ነገር ነው።

እሳቱ በሦስተኛው ቀን በዝናብ ሲጠፋ ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ሞተው፣ 17,500 ያህል ሕንጻዎች ወድመው፣ ከነዋሪው ሢሶ የሚሆነው ቤት አልባ ሆኖ ነበር። የተቃጠለው ስፍራ ከ8 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጠፉት ጽሑፎች አንዱ ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሮችን ነጻ ያወጡበት አዋጅ በእጃቸው የተጻፈው የመጨረሻ ረቂቅ ሲሆን፣ ይቀመጥ የነበረውም በቺካጎ የታሪክ ማኅበር ቤት ነበር።

ወሬው ለንደን ሲደርስ ኤ. ኤች. በርጀስ የተባሉ ሰው እንግሊዝ ለቺካጎ ነጻ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን የመጻሕፍት ስጦታ እንድትልክ አሳብ አቀረቡ። ገንዘብና ልብስ ተበልቶና አልቆ የሚረሳ በመሆኑ፣ የሕዝብን ኀዘን ለትውልድ የሚያሳይ ነገር ቢሰጥ ይሻላል የሚል አሳብ ነበር። ሥራውን በግንባር ቀደምትነት የያዙት የፓርላማ አባልና ደራሲ የነበሩት ቶማስ ሂዩዝ ናቸው፤ እርሳቸው በ1870 ቺካጎን ጎብኝተው ስለ ነበር ከተማዋ ለእርሳቸው የጋዜጣ ወሬ ብቻ አልነበረችም። ለደራስያን፣ ለአሳታሚዎችና ለማኅበራት ጥሪ ተላለፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ፣ ባለ ቅኔዎቹ ቴኒሰንና ብራውኒንግ፣ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ሰጡ። የተሰበሰበው ከ8,000 መጻሕፍት በላይ ሆነ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ለጋሾቹ የቺካጎ ነጻ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በእሳት ጠፍቷል ብለው አስበው ነበር። ቺካጎ ግን ከእሳቱ በፊት እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት አልነበራትም። የነበሩት መዋጮ ለሚከፍሉ አባሎች ብቻ የሚከፈቱ የማኅበራት መጻሕፍት ቤቶች ነበሩ። እንግሊዞቹ ያልጠፋ ነገር ሊተኩ ተነሡ ማለት ነው።

በእያንዳንዱ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ መጽሐፉ ከእሳቱ በኋላ ለሚቋቋም ነጻ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝ ሕዝብ የኀዘኑ ተካፋይነት ምልክት እንዲሆን የተበረከተ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ተለጠፈበት። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ልማድ አይደለም። በአገራችን የብራና መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ የሰጪው ስም፣ ለማን እንደ ተሰጠና ለምን እንደ ተሰጠ በመጽሐፉ ላይ ይጻፋል፤ መጽሐፉን የሚሰርቀው ወይም ጽሑፉን የሚፍቀውም የተወገዘ እንዲሆን ይጨመርበታል። በእንግሊዞቹ ወረቀት ላይ ግዝት አልነበረም። ስጦታው ከአምላክ ፊት ለነፍስ መዳኛ ሳይሆን በሁለት ሕዝቦች መካከል ለመታሰቢያ የተሰጠ ነበርና።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ሌላም ነገር ማስታወሱ አይቀርም። ይህ ስጦታ ከመሰብሰቡ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1868፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያቆሙት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎችም አድባራት ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ፤ በደላንታ ሜዳም ምርኮው በጨረታ ተሸጠ። ወደ 350 የሚሆኑት ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ጥቂት የተመረጡትም ወደ ንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ገቡ። ያ ዘመቻ በተፈጸመበት ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ለቺካጎ ከለገሱት አንዱ የሆኑት ዲዝራኤሊ ናቸው። ይህን ማንሣት የበርጀስንና የሂዩዝን ቅን ሥራ ለማራከስ አይደለም፤ እነርሱ የመቅደላን ነገር ያደረጉ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም ለአንድ ከተማ አንባቢ መጻሕፍት ያስረከበ መንግሥትና ሕዝብ በዚያው ዘመን የሌላውን አገር መጻሕፍት መውሰዱ፣ የልግሥናን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው።

ወደ ቺካጎ እንመለስ። ስጦታው መነገሩ የከተማውን ሹማምንት ችግር ላይ ጣላቸው። የሚመጡትን መጻሕፍት የሚቀበል ቤት፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ ለሠራተኛው የሚከፈል ደመወዝ፣ ይህንንም ሁሉ ከሕዝብ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስችል ሕግ አልነበረም። ከንቲባው ጆሴፍ መዲል ጃንዋሪ 8 ቀን 1872 የሕዝብ ስብሰባ ጠሩ። እሳቱ ከጠፋ ገና ሦስት ወር ነበር፤ የከተማው ሰው ክረምቱን የሚያሳልፍበት መጠለያ እየፈለገ ስለ መጻሕፍት ቤት መምከር ለብዙዎች ቅንጦት ሳይመስል አልቀረም። ይሁን እንጂ ከዚያ ስብሰባ የተነሣው ጥረት እስከ ግዛቱ ሸንጎ ደረሰና ማርች 7 ቀን 1872 የኢሊኖይ የቤተ መጻሕፍት ሕግ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት ማንኛውም ከተማ በየዓመቱ ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ግብር መጣል ይችላል፤ ቤቱን ከንቲባው የሚሾማቸው ዘጠኝ ዳይሬክተሮች ያስተዳድሩታል፤ አገልግሎቱም ለነዋሪው ለዘለቄታው በነጻ ይሆናል። በኤፕሪል ወር የቺካጎ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍቱን በደንብ አቋቋመ።

የዚህ ሕግ ዋጋ የሚታወቀው እንግሊዞቹ ራሳቸው ካለፉበት ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1850 በእንግሊዝ የወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ለማዘጋጃ ቤቶች ከእያንዳንዱ ፓውንድ ግማሽ ፔኒ እንዲሰበስቡ ፈቅዶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ለሕንጻና ለአስተዳደር እንጂ ለመጽሐፍ መግዣ እንዳይውል ከልክሏል። የሕግ አውጪዎቹ ግምት ቤቱ ከተሠራ መደርደሪያውን ለጋሾች ይሞሉታል የሚል ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1855 ሕጉ ተሻሽሎ ግብሩ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ፤ መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ። ለጋሽ የሚሰጠው የወደደውን ወይም የተረፈውን ነው፤ አንባቢ የሚጠይቀው ደግሞ የሚያስፈልገውን ነው፤ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚገናኙት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። በስጦታ ብቻ የተጀመረ ቤተ መጻሕፍት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለምን አቧራ እንደሚለብስ የሚጠይቅ ሰው፣ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የመጻሕፍቱን ብዛት ሳይሆን ዓመታዊ በጀቱን ነው። ቺካጎ ይህን የእንግሊዞችን የአምስት ዓመት ስሕተት ሳትደግም አለፈች። የኢሊኖይ ሕግ ለሁሉም ከተሞች የወጣ ስለ ሆነ ከለንደን አንድ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ከተሞችም ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ መንገድ አገኙ።

ቤት ግን ገና አልነበረም። መሀል ከተማው ተቃጥሎ ሳለ ከተረፉት ነገሮች አንዱ በላሳልና በአዳምስ ማዕዘን የነበረው ታንከር ነው። ብረት እንጂ እንጨት አይደለምና፣ እሳት ለቀመሰ ሕዝብ ይህ ብቻውን እንደ ትልቅ ብልጫ የሚቆጠር ነበር። በሌላ በኩል ለመጻሕፍት ቤት የታሰበ ቅርጽ አይደለም። ቀጥ ያለ መደርደሪያ ክብ ግድግዳ ላይ ሲጠጋ ከኋላው የሚባክን ቦታ ይኖራል፤ ለውሃ የተሠራ ዕቃ ብርሃን እንዲገባው ተብሎ አልተሠራም። ብዙ ሳይቆይ በታንከሩ ዙሪያ ለማዘጋጃ ቤቱ መሥሪያ ቤቶች የሚሆን ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ተሠራ፤ በሦስተኛው ፎቅ ላይም ለቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ተጨመረ።

በኦክቶበር 1873 የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነው የተመረጡት ዊልያም ፍሬድሪክ ፑል፣ ከሲንሲናቲ የመጡና በመጽሔቶች ማውጫቸው ስም ያተረፉ ሰው ነበሩ። ዋና አሳባቸው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሰው ቤት እንዲሄድ ነበር። በ1874 የውሰት አገልግሎት ሲጀመር ከነበሩት 17,355 መጻሕፍት 13,000ዎቹ ለውሰት ቀረቡ። በዚያን ዘመን ተራ ልብ ወለድ በሕዝብ ገንዘብ መገዛቱን የሚነቅፉ ብዙ ነበሩ። ፑል ግን ሰው የሚያነበውን ሲያገኝ ነው ከዚያ ወደ ተሻለው የሚሄደው እያሉ ይሟገቱ ነበር። በታላላቅ ደራስያን ስጦታ የተመሠረተ ቤት ለሠራተኛው መንደር አንባቢ የታሰበ ቤት የሆነው በእርሳቸው ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቤተ መጻሕፍቱ ለ24 ዓመታት ከቦታ ወደ ቦታ ሲንከራተት ቆየ፤ ከእነዚህም 11ዱን ዓመታት ያሳለፈው በማዘጋጃ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጨረሻ በ1897 በሚቺጋን ጎዳና የራሱን ሕንጻ አገኘ። ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ይህ ሕንጻ ግድግዳው 3 ጫማ ውፍረት ያለው ድንጋይ ሲሆን፣ እሳት እንዳይበላው ታስቦ የተሠራ ነበር፤ ከ1871 በኋላ በዚያች ከተማ ሌላ ዓይነት አሳብ ሊኖር አይችልም። ዛሬ ሕንጻው የባህል ማዕከል ሲሆን፣ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ከ1991 ጀምሮ በከተማው የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ በሃሮልድ ዋሽንግተን ስም በተሰየመው አዲስ ሕንጻ ይገኛል።

ታንከሩና በዙሪያው የነበረው ጊዜያዊ ማዘጋጃ ቤት ፈርሰው በ1888 በቦታው አንድ የታወቀ የቢሮ ሕንጻ ቆመ። ይህ ሕንጻ ዛሬም ሩከሪ ይባላል፤ የቁራዎች መስፈሪያ እንደ ማለት ነው። ስሙን የወረሰው ከፈረሰው ቤት ነው። አንዳንዶች በጣራው ላይ ይሰፍሩ ስለ ነበሩት ርግቦችና ቁራዎች የወጣ ስም ነው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ስሙ የወጣው በውስጡ ለተቀመጡት የከተማው ሹማምንት ነው ባዮች ናቸው።