ከጥልቅ ባሕር የወጣችው ትንሽ ዛጎል

ሰው ያላየውን ነገር የለም ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ስለ ጥልቅ ባሕር በአንድ ወቅት የተፈረደውም እንዲሁ ነበር። ያ ፍርድ እንዴት እንደ ተሻረ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የማታህል አንዲት ዛጎልም ምን ድርሻ እንደ ነበራት ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው የብሪታንያ ሊቅ በ1841 እና በ1842 በኤጂያን ባሕር ወለል ላይ መረብ እያስጐተተ እንስሳትን ሰበሰበ። መረቡ ወደ ታች በወረደ ቍጥር የሚገኙት እንስሳት እያነሱ ስለ ሄዱ፣ ከ550 ሜትር ያህል በታች ሕይወት የለም ብሎ ገመተ። ብርሃን በሌለበት፣ የውሃው ክብደትም እጅግ በበረታበት ስፍራ ምን ሊኖር ይችላል? ብዙዎች ነገሩን ተቀበሉት። ፎርብስ አልዋሸም፤ ስሕተቱ በአንድ ባሕር ያየውን ለባሕር ሁሉ መስፈሪያ ማድረጉ ነበር። በ1860 ግን ከሜዲትራኒያን ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ለጥገና የወጣ የቴሌግራፍ ገመድ እንስሳት ተጣብቀውበት ስለ ተገኙ ፍርዱ ተናጋ።

በ1868 ደግሞ በአየርላንድ የጎልዌይ ኮሌጅ መምህር የነበረው ዊልያም ኪንግ፣ ከአየርላንድ በስተ ምዕራብ ካለው ጥልቅ አትላንቲክ የወጣች ስስ ዛጎል መርምሮ መልኳን ጻፈ፤ ስሟንም በውቅያኖሱ ስም አትላንቲካ አላት። ይህች ፍጥረት ብራኪዮፖድ ከሚባለው ወገን ናት። የብራኪዮፖድ ሁለት ክዳኖች የሚገጥሙት ከላይና ከታች ሲሆን፣ በውስጡ ባለው ጠጕር መሰል ክንድ ምግቡን ከውሃ ያጠልላል። ወገኑ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ዓይነቶች 400 ያህል ሲሆኑ፣ በድንጋይ ውስጥ የተገኙት ከ12,000 ይበልጣሉ።

ከዚያ በኋላ ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከታኅሣሥ 1872 እስከ ግንቦት 1876 ዓለምን ዞረች። በ362 ጣቢያዎች ሥራዋን ስታከናውን የስፍራው አቀማመጥ፣ ጥልቀቱና የወለሉ ዓይነት ይመዘገብ ነበር። የተገኙት ብራኪዮፖዶች ለቶማስ ዴቪድሰን ተሰጡ። ከፓስፊክ የወጣችውን ትንሽ ዛጎል አዲስ ስም ሰጥቶ በስሙ ማስመዝገብ ባማረው ነበር። እርሱ ግን ኪንግ ከጻፈው ጋር አመሳክሮ ያችው ናት አለ፤ በ1880 በታተመው ዘገባውም አዲሱን ስፍራዋን መዘገበ። አዲስ ዓይነት ከማግኘት ይልቅ የታወቀውን በአዲስ ውሃ ለይቶ ማወቅ አንዳንድ ጊዜ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጥልቁ ባሕር ሕያው ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን ያሳያል። የዛጎሏ ግልገል ድንጋይ ላይ ከመጣበቋ በፊት በውሃው ውስጥ እየዋኘች ትኖራለች፤ ርቃ የምትሰራጨውም በዚህ ነው። በ1908 ዊልያም ዶል ፔላጎዲስከስ የሚለውን የወገን ስም አወጣላት። ዛሬ ከ5,000 ሜትር በታች ሳይቀር በታላላቆቹ ውቅያኖሶች ትታወቃለች።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኪንግ ዛጎሏን በሰየመበት በ1868 ዓመት፣ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የጂኦሎጂ ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። የእንጣሎን የኖራ ድንጋይ በስፍራው ስም የሰየመው እርሱ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ብራኪዮፖዶች ይገኛሉ፤ ደጋው አንድ ጊዜ ባሕር እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፣ በመቀሌ አካባቢ ወይም በዓባይ በረሃ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብታገኙ ስፍራውንና ቀኑን፣ ከየትኛው የድንጋይ ንብብር እንደ ወጣም ጻፉ። ስፍራዋ ያልተጻፈላት ዛጎል መጫወቻ ናት፤ የተጻፈላት ግን ምስክር ናት።