ቁርባን በአያቴ አፍ፣ ኮርባን በዜና

ናታንያ፣ አያቴ ጋ ቁጭ ብለን የዕብራይስጥ ዜና ስንሰማ «ማነው ደግሞ ቁርባን ያቀረበው?» አለችኝ። ዜናው «ኮርባን» ያለው በመኪና አደጋ የሞተን ሰው ነበር። ስነግራት ደነገጠች፤ «ሰው እንዴት ቁርባን ይሆናል?»

አልሳቅኩም፤ ቃሉ አንድ ነው። ሥሩ በግዕዝም በዕብራይስጥም «መቅረብ» ነው። በአገር ቤት ቄሶቻችን የፋሲካውን በግ ሲሠዉ ቁርባን ነበር፤ እዚህ ስንመጣ መሥዋዕቱ ቀረ። ኦርቶዶክሱ፣ በግዕዝ የሚቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊክም ጭምር፣ ቁርባን የሚለው ኅብስቱንና ወይኑን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለተጋቡ «ቆረቡ» የሚባለውም ከዚያው መጥቶ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ይሄ የክርስቲያን ቃል ነው» ብላችሁ ትሸሹታላችሁ (እኔም ሸሽቼዋለሁ)። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 1ን ግን ክፈቱ፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 2 ላይ ታገኙታላችሁ።